ድንጋይ የተሸከመው ከሳሽ

ሰቆጣ ውስጥ እኔ ያላጀብኩት ሙሽራ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ሚዜነት ከልብስ ስፌት ቀጥሎ ሁለተኛ ሙያዬ ነው ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም አንዳንድ ደንበኞቼ የሰፋሁላቸውን ሱሪ ለብሰው ካዩት በኋላ ሚዜነቱ ላይ ብቻ ብበረታ እንደሚሻል መክረውኛል። ጥርስ የሌለው ሙሽራ ግን አጅቤ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የእናቴ ታላቅ ወንድም ከደሃና ሰው ልከው «ከሚስቴ ጋር ልንቆርብ ነው፤ ሚዜዬ አንተ ነህ፤ ቶሎ ድረስ» ሲሉኝ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ስስቅ የአንድ መምህር ኮት እጅጌ ከኪሱ ጋር ሰፋሁት።

በእኛ አገር ወግ ሰው በወጣትነቱ የሚጋባው በሰማንያ ነው። ሰማንያ ውል ነው፤ ካልተስማሙ ሽማግሌ ጠርቶ፣ እህሉንና ከብቱን ተካፍሎ መለያየት ይቻላል። ቁርባን ግን ሌላ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሥጋውንና ደሙን ከተቀበሉ በኋላ መፋታት የለም፤ አንዱ ቢሞት እንኳ ሌላው ሌላ አያገባም። አብዛኛው ሰው ታዲያ «እስኪ ደሜ ይቀዝቅዝ» እያለ ያቆየዋል። የአጎቴ ደም ከቀዘቀዘ ቆይቷል። በእኔ ግምት እሳቸው ሲወለዱ ከደሃና በላይ ያሉት ተራሮች ገና ኮረብታ ነበሩ።

ሳቄ መንገድ ላይ አለቀ። መልእክቱን ያመጣው ሰው አብሮኝ ዳገቱን ሲወጣ ምክንያቱን ነገረኝ። የአጎቴ ሚስት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ እግራቸው አብጦ ትንፋሻቸው አጥሯል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ልባቸው መድከሙን ተናግሯል። እሳቸውም ባላቸውን ጠርተው «ከመሞቴ በፊት አብረን እንቁረብ። ሌላ ምንም አልለምንህም» ብለዋል።

ሌላ የሚለምኑት ነገርም አልቀረላቸውም። በጦርነቱ ጊዜ መንደራቸው ታጣቂ ሲገባበት ሁለቱ እኔ ዘንድ ሸሽተው ከርመው ነበር፤ ሰቆጣም ብትሆን በዚያ ጊዜ ወዴት እንደምትሸሽ ግራ የገባት ከተማ ነበረች። ሲመለሱ ጎተራው ባዶ ነው፤ የቤቱ በር ተነቅሎ ማገዶ ሆኗል። አጎቴ ይህን ሁሉ ቻሉት። ያልቻሉት የበሬዎቻቸውን ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አጎቴ ከመሸሻቸው በፊት ሁለቱን በሬዎች ከመንደሩ በታች ካለው ገደል፣ ዋሻ ውስጥ ደብቀው ድርቆሽ ያመላልሱላቸው ነበር። ዋሻውን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው አንድ ጎረቤታቸው ብቻ ነው። ታጣቂዎቹ ጎረቤትየው ግቢ ገብተው የእሱን በሬ ሊፈቱ ሲሉ፣ ሰውየው ገደሉን አሳያቸው። የአጎቴ በሬዎች ተነዱ፤ የእሱ በሬ ተረፈለት። እንጨት ትለቅም የነበረች አንዲት ሴት ከሩቅ አይታ ተናገረች። እሱ ግን «አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም» ብሎ ሸምጥጦ ካደ። አጎቴም ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሱት። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ማሳቸውን በዶማ ይቆፍራሉ፤ ቀና ሲሉ ደግሞ ከማዶ የጎረቤታቸውን በሬ ያዩታል።

እኔ የደረስኩ ዕለት የነፍስ አባታቸው ንስሐቸውን ሊቀበሉ መጥተው አገኘኋቸው። ቄሱ ከአጎቴ በብዙ ያንሳሉ፤ ጢማቸው ገና ፈቃድ እየጠየቀ የሚበቅል ነው። ይሁን እንጂ የነፍስ አባት ናቸውና አጎቴን «ልጄ» ይሏቸዋል፤ አጎቴም እጃቸውን አጣምረው «አቤት አባ» ይላሉ። ይህን ሳይ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት።

የአጎቴ ጆሮ ከብዷል። ጆሮው የከበደ ሰው ሌላውም የማይሰማ ይመስለዋልና፣ ንስሐ የሚገቡት አዋጅ እንደሚያስነግር ሰው ነው። ቄሱ ይህን ስለሚያውቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከገደሉ አፋፍ ወሰዷቸው። ምን ዋጋ አለው! ያ ገደል የሰማውን መልሶ ይናገራል። እኔ ልሸሽ ብዬ ከወይራው ሥር ብቀመጥም የአጎቴን ኃጢአት ሁለት ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰረቁት ማር ብቻ አንድ ጋን ይሞላል። ሆዴን ይዤ ተጣጠፍኩ።

ከዚያ ቄሱ፣ አጎቴ እንዲሰሟቸው እየጮሁ፣ ጠየቁ።

«ቂም አለብህ ወይ ልጄ?»

«ያለኝ ክስ ነው!»

«ክስህን አልጠየቅኩህም። ቂም ነው ያልኩህ።»

«በሬዎቼን ተዘርፌ ዝም ልበል? ቤተ ክርስቲያን ከበዳይ ጋር ናት እንዴ?»

«የተበደለ አቤት አይበል ያለህ የለም። ዳኛ ፊት ቁም፤ ተከራከር፤ ካሳህን ተቀበል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ማታ ጋደም ስትል ዓይንህ ላይ የሚመጣው ማነው? በሬዎቹ ናቸው ወይስ ሰውየው?»

 ገደሉ የሚደግመው አጣ። አጎቴ ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ የእሳቸው ዝቅታ ግን ወይራው ሥር ለመድረስ በቂ ነው።

«ሰውየው ነው አባ። በሬዎቹንማ መልካቸውን ረሳሁት። እሱ ነው የሚመጣብኝ። ልጆቹ ሲሞቱበት አያለሁ። በየማታው እቀብራቸዋለሁ። ጠዋት ተነሥቼ ደግሞ አባታችን ሆይ እላለሁ።»

ሆዴን ለቅቄ ቀና አልኩ።

«እንግዲያ በዚህ ልብ ወደ ቁርባን አላቀርብህም» አሉ ቄሱ። «እስከ እሑድ ጊዜ አለህ። ሂድና ታረቅ።»

ለእርቅ ሽማግሌ ይላካልና እኔና ሁለት የሰፈሩ ሽማግሎች ወደ ጎረቤትየው ሄድን። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የተበዳይ ደጅ ይመጣል። ተበዳዩ ድንጋዩን ካነሳለት ይቅር አለ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ሰውየው ማረሻ እየሳለ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን።

«ምን በድዬ ነው ድንጋይ የምሸከመው?» አለ።

«ድንጋዩ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም» አልኩ ነገሩን ላለዝብ ብዬ። «እኔ ራሴ እመርጥልሃለሁ። ጠጠር ይሁን ካልክም እንነጋገራለን።»

«አንተ ሁልጊዜ ቀልድ ነው። ድንጋይ ተሸከምኩ ማለት እኮ ፈረምኩ ማለት ነው። ነገ ዳኛው ፊት ያ ድንጋይ ይመሰክርብኛል። ክሱን ይተዉና እመጣለሁ።»

«እሳቸው ክሱን አይተዉም» አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

«እኔም አልመጣም።»

ተመለስን። ሰው አስታርቄ ያልተሳካልኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ ሁልጊዜም አይሳካልኝም። እንደዚያ ቀን ግን ባዶ እጄን መግባት ከብዶኝ አያውቅም፤ እትዬ መደቡ ላይ ተደግፈው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ነበርና።

«እምቢ አለ?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«እሱስ?» ባላቸውን ነው። አጎቴ ውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እሳቸውም ያው ናቸው። ግን እትዬ፣ እርስዎ ታመዋል። ቄሱን ብናስቸግራቸው ለብቻዎ ያቆርቡዎታል።»

እትዬ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሳቁብኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ መሶብ በልቼ፣ መንግሥተ ሰማያት ሲሆን ለብቻዬ ልቀመጥ? ማን ያናግረኛል? መላእክቱ እንደሆኑ ደሃናን አያውቋት።»

«ታዲያ ያስገድዷቸዋ! እርስዎ ከተቆጡ እምቢ አይሉም።»

«አላስገድደውም። እኔን ፈርቶ ከታረቀ እኮ የታረቀው ከእኔ ጋር ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እጠብቀዋለሁ። ሳልቆርብ ብሞትም እየጠበቅኩት ነው የምሞት፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ስለ ተስፋ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። በጦርነቱም ጊዜ «ያልፋል» የማይል ሰው አልነበረም፤ እኔም ከሁሉ በላይ ጮኼ እል ነበር። ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው «እጠብቀዋለሁ» ሲሉ ግን ተስፋ ማለት ከባድ የጉልበት ሥራ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ደጅ ስወጣ አጎቴ ከእርከኑ ሥር ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይመርጣሉ። በግ ገበያ እንደቆመ ሰው አንዱን ያነሳሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይጥላሉ። ቀለል ያለውን ሁሉ ጣሉት። በመጨረሻ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሡ። የበግ ራስ ያህል ነበር ይላል መንደሩ፤ እኔ ግን ባይኔ ስላየሁት እመሰክራለሁ፣ የጥጃ ራስ ከነአንገቱ ያህላል።

«አያ፣ ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ለጎረቤታችን» አሉና መንገድ ጀመሩ።

እግዚኦ! ሰውየውን ሊፈነክቱት ነው አልኩ። አንድ እግሬ ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ የእትዬን ሸበጥ አድርጌ ተከተልኳቸው። «አያ! እሑድ ቁርባን አለብዎ! አያ፣ ሰው ገድለው ማን ያቆርብዎታል!» አይሰሙም፤ ያ የጆሮ ነገር አለ። በየደጁ ያለው ሰው ጩኸቴን ሰምቶ ወጣ። ጎረቤትየው በር ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ከኋላችን ነበር፤ ውሾቹም ሳይቀሩ።

ሰውየው አጎቴን ከነድንጋዩ ሲያይ ዱላውን አነሳ። ሚስቱ ልጆቹን ወደ ቤት ልታስገባ ተጣደፈች። እኔ መሃል ልገባ ስዘል አጎቴ ድንጋዩን ወደ ላይ አነሡት።

እና አንገታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ተንበረከኩ።

«ይቅር በለኝ» አሉ።

 መጀመሪያ የተናገረች እንጨት ለቃሚዋ ሴት ናት። «ኧረ አያ! ተገለበጠብዎ እኮ! የበደለ እሱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም!»

«የእሱን እሱ ያውቃል» አሉ አጎቴ ከድንጋዩ ሥር። «እኔ የራሴን ነው የተሸከምኩት።» ከዚያ ለሰውየው፦ «ልጆችህን በልቤ ስቀብር ከርሜያለሁ። ትልቁንም ትንሹንም። እነሱ ምን አደረጉኝ? በመንገድ ሲያገኙኝ ጉልበቴን ስመው ያልፋሉ፤ እኔ ማታ ጉድጓድ እምስላቸዋለሁ። እግዚአብሔር አየኝ። አንተም እወቀው። ስለዚህ ይቅር በለኝ።»

የመድፍ ድምፅ ሰምቻለሁ። አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ ከስፌት መኪናዬ ሥር ገብቼ ለአንድ ሳምንት ያህል አልወጣሁም፤ ሚስቴ ግን ግማሽ ቀን ነው ትላለች። እንደዚያ ጠዋት ዝምታ ግን ያስፈራኝ ነገር የለም። ከቤተ መቅደስ መጋረጃ በስተጀርባ ያለው ነገር ወደዚያ ግቢ የወጣ መሰለኝ። ነጠላ የያዘ ሁሉ፣ ሳይነጋገር፣ ነጠላውን አጣፋ። እኔ ነጠላ ስላልነበረኝ የሹራቤን እጅጌ አንገቴ ላይ ጣል አደረግኩ። ይህን የማወራው ለቀልድ አይደለም፤ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።

ሰውየው ድንጋዩን ቢያነሳ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ምኑን ይቅር እንደሚል ግን ግራ ገባው። የአጎቴ አንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አንሳልኝ እንጂ አንተ ሰው!» አሉ። «ይቅር ባትለኝ እንኳ አንገቴን አትርፍ!»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ከሳቁት ግማሹ እያለቀሰ ነበር። ሰውየው ዱላውን ጥሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳው። ካነሳው በኋላ ግን ወዴት እንደሚያኖረው አላወቀም። እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ። ሚስቱ «በል አስቀምጠው» አለችው። አላስቀመጠውም።

«አፌ አልተናገረም አያ» አለ። «በእግዚአብሔር ስም፣ አፌ አልተናገረም። በሬዬን ሊፈቱት ሲሉ እጄ ገደሉን ጠቆመ። እጄ ነው። ልጆቹን በምን ላርስላቸው ብዬ ነው።» ድንጋዩን ያቀፈውን እጁን እያየ ነበር የሚናገረው።

አጎቴ እንደተንበረከኩ አንገታቸውን እያሹ ቀና አሉ። «ይህን ለዳኛው ትነግረዋለህ?»

ሰውየው ሚስቱን አየ። ያን ትንሽ ልጁን አየ። «እነግረዋለሁ» አለ።

«እንግዲያ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። በሬዎቼን ግን አልተውኩም።»

«አይተዉ» አለ ሰውየው። ያን ጊዜ ድንጋዩን አስቀመጠና አጎቴን ደግፎ አነሳቸው።

ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ ከገደሉ አፋፍም አልወሰዷቸውም። «ትናንት ማታ ማን መጣብህ?»

«ማንም። እንቅልፍ ነው የመጣብኝ» አሉ አጎቴ።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ እትዬን በቃሬዛ ልንወስድ ተሰበሰብን። ቃሬዛው አራት ተሸካሚ ይፈልጋል። ሦስታችን ትከሻችንን አስገብተን አራተኛውን ስንጠራ፣ ጎረቤትየው ማንም ሳይጠራው ከኋላዬ ያለውን እንጨት ያዘ። እትዬ ከላይ ሆነው አንገታቸውን አዙረው አዩት።

«እንዳትጥለኝ» አሉት። «ዛሬ ሙሽራ ነኝ።»

«አልጥልዎም እትዬ» አለ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እሱ ከቅጥሩ በር አልፎ አልገባም፤ ከግድግዳው ሥር ቆመ። ቅዳሴው መሃል ላይ ሕዝቡ እርስ በርሱ በሰላም እጅ የሚነሣሣበት ቦታ አለ። ሁሉም ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎንበስ ይላል። አጎቴ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላሉም። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሩ፣ በተከፈተው በር በኩል እስከ ቅጥሩ ድረስ አዩና ጎንበስ አሉ። ያ ሰውም ከግድግዳው ሥር ጎንበስ አለ። በመካከላቸው ያለው ሰው ሁሉ ለእሱ የተነሣ እጅ መስሎት አጸፋውን መለሰ፤ በዚያ ቀን የእኛ ደብር ነፋስ እንደመታው የገብስ ማሳ ነበር።

ከዚያ ሁለቱ ቀረቡ። እትዬን ከዚህ ዲያቆን፣ ከዚያ አጎቴ ደግፈዋቸዋል። ምን እንዳየሁ ብጠየቅ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለት ያረጁ ሰዎች አፋቸውን ከፈቱ። ጎተራቸው ባዶ ነው፤ በራቸው በላስቲክ ተጋርዷል፤ ፍርዳቸው ገና አልወጣም። ፊታቸው ግን ድግስ ተጠርተው ዘግይተው የደረሱ፣ ቦታቸውም ሳይነካ የጠበቃቸው ሰዎች ፊት ነበር። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁት የሙሽራ ቀልድ አንድ ኩንታል ይሆናል፤ አንዱም ትዝ አላለኝም።

ሲወጡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ የቆረበ ሰው ብዙ አይናገርም። እኛ ቃሬዛውን አስጠግተን ቆመናል። እትዬ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ቃሬዛው ላይ አልወጣም ማለታቸው ነው። ክንዳቸውን በአጎቴ ክንድ አስገቡና፣ ሁለቱም በአንድ ጋቢ ውስጥ ሆነው፣ መሄድ ጀመሩ።

«በወንጌል ያለው ሽባ ሲድን አልጋውን ራሱ ተሸከመ» አልኩ ለጎረቤትየው። «የእኛዋ ለእኛ ጥለውልን ሄዱ።»

ፈገግ አለ። እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን ባዶውን ቃሬዛ አነሳን፤ ሌሎቹ ሁለት ተሸካሚዎች ከኋላችን ይከተላሉ። እትዬ ጥቂት ይራመዱና ለትንፋሽ ይቆማሉ፤ አጎቴም ይቆማሉ፤ እኛም እንቆማለን። ደግሞ ይሄዳሉ። ብዙ እንደማይሄዱ አራታችንም እናውቃለን፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር እንሸከማቸዋለን። እስከዚያ ግን አስቀምጡት ያለን የለም፤ እኛም አላስቀመጥነውም።

«ቀጠሮው መቼ ነው?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ከአጨዳ በኋላ» አለ። «እሳቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጬ እወስዳቸዋለሁ። በቅሎውን ከአማቼ እዋሳለሁ።»

ከሳሹን ፍርድ ቤት ጭኖ የሚወስድ ተከሳሽ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ይህችን ደግሞ አላጋነንኩም። ዞሬ ላየው ፈለግኩ፤ ግን ከፊታችን ያሉት ሁለቱ እንደገና መራመድ ጀምረው ነበርና እኛም እንዳንቀድማቸው ቀስ ብለን ተከተልናቸው።